ጥንቸሌ ደጋግሞ መብላት ያቆማል ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ኮኮ ስድስት ዓመቱ ነው፣ በየጥቂት ሳምንቱ መብላት ያቆማል፣ ሐኪም ጋ ትወስጂዋለሽ፣ ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ይሰጡታል፣ የአንጀት ማንቀሳቀሻ ያዙለታል፣ ይሻለዋል፣ ከዚያ እንደገና ያው ነው ብለሻል። ግራ ዓይኑም ያለቅሳል። ባለቤትሽ ደግሞ «ለአንድ ጥንቸል ይሄ ሁሉ ወጪ?» ማለት ጀምሯል። ጥያቄሽ የሆድ መድኃኒቱን ላስቀይርለት ወይ ነው።

ሆዱን ለጊዜው ተዪውና ጥርሱን አስመርምሪ።

ሐኪም አይደለሁም። እዚህ ሜሪላንድ ጥርሱ የማይድን ጥንቸል ለዓመታት ሳስታምም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስሙ ባሻ ነው። የአንቺን ጽሑፍ ሳነብ የባሻን ፋይል ያነበብኩ ነው የመሰለኝ፣ በተለይ ያ ዓይን። ዓይኑን በመጨረሻ፣ እግረ መንገድሽን ነው የጠቀስሽው። እኔ ግን ከዚያ ነው የምጀምረው።

ጥንቸል 28 ጥርስ አለው። ሁሉም ዕድሜ ልኩን ያድጋሉ። ድርቆሽ ሲያኝክ እርስ በርስ እየተፋተጉ ይሞረዳሉ፣ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መንጋጋው ትንሽ ከተዛነፈ ወይም ድርቆሽ ካነሰ ግን ጠርዛቸው ሹል ያወጣል። የታችኞቹ ምላሱን፣ የላይኞቹ ጉንጩን ይወጋሉ። ይባስ ብሎ የጥርሶቹ ሥርም ወደ አጥንቱ ይገፋል። የእንባ መውረጃው ቱቦ የሚያልፈው በላይኞቹ ጥርሶች ሥር አጠገብ ነው። ሥሩ ሲረዝም ቱቦውን ይጫነዋል፣ እንባውም መውረጃ ሲያጣ በዓይን በኩል ይፈሳል። ስለዚህ ዓይኑና ሆዱ ሁለት በሽታ ላይሆኑ ይችላሉ።

ሆዱ የሚቆመው እንዲህ ነው። አፉን ያመዋል፣ ትንሽ ይበላል፣ አንጀቱ ይዘገያል፣ ጋዝ ይይዛል፣ ጋዙ ደግሞ በተራው ያመዋል፣ ጭራሽ ይተወዋል። ጥንቸል ማስመለስ አይችልም፣ ያለው መንገድ ወደፊት ብቻ ነው። ፈሳሹና መድኃኒቱ አንጀቱን ያነሱታል፣ የሚወጋው ጥርስ ግን ቦታው ላይ ነው። ለዚህ ነው የሚመለስብሽ። በእርግጥ የሚያመው ሌላም ቦታ ሊሆን ይችላል፤ መገጣጠሚያ፣ የፊኛ አሸዋ፣ ሴት ከሆነችና ካልተመከነች ደግሞ ማህፀን። ያንቺ ምልክቶች ግን ወደ አፍ ነው የሚጠቁሙት።

እስቲ ሲበላ ቁጭ ብለሽ እዪው። ባሻ ሲያመው ወደ ሳህኑ በሩጫ ይመጣል፣ አንዷን የመኖ ፍሬ ያነሳል፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ አንዴ ሁለቴ ያኝክና ይጥላታል። ያሸታታል፣ ደግሞ ያነሳል፣ ደግሞ ይጥላል፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቀመጣል። ሆዱ ይፈልጋል፣ አፉ እምቢ ይላል። ቅደም ተከተሉንም ልብ በዪ። ጥርሱ የሚያመው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚተወው ድርቆሹን ነው፣ ከዚያ ጠንካራውን መኖ፣ ለስላሳ ቅጠል ግን እስከ መጨረሻው ይሞክራል። አገጩ ሥር እርጥበት ካለ፣ የታችኛውን መንጋጋ በጣትሽ ስትዳብሺ እብጠት ከተሰማሽ፣ ጥርሱን ድምፅ እያሰማ የሚያፋጭ ከሆነ ጻፊውና ለሐኪሙ ንገሪ። በጠጡንም እዪ። ትልቅና ክብ የነበረው ካነሰ፣ ከተጣመመ፣ ሆዱ ከመቆሙ በፊት ነው የሚያስጠነቅቅሽ።

ሐኪሙ አፉን አይቶ ደህና ነው ብሎኛል ብለሻል። ነቅቶ እያለ በመሣሪያ ወደ ውስጥ ሲታይ የሚታየው ከፊሉ ነው፣ የኋላዎቹ በምላስና በጉንጭ ይሸፈናሉ። ሥሩ ደግሞ ያለ ራጅ ጨርሶ አይታይም። በማደንዘዣ የሚደረግ ሙሉ የአፍ ምርመራና የጭንቅላት ራጅ ጠይቂ፣ ሲቲ ስካን ካለ የበለጠ ጥሩ ነው። ውሻና ድመት ብቻ የሚያይ ሳይሆን ኤግዞቲክ የሚባለውን፣ እንደ ጥንቸል ያሉትን እንስሳት የሚያክመውን ሐኪም ፈልጊ። ሐውስ ራቢት ሶሳይቲ የሚባለው በ1988 የተቋቋመው የካሊፎርኒያ ድርጅት ጥንቸል የሚያውቁ ሐኪሞችን ዝርዝር በየግዛቱ አውጥቷል፣ ከዚያ ጀምሪ። እኔ አዲስ ሐኪም የምፈትንበት አንድ ጥያቄ አለኝ። ከማደንዘዣው በፊት ሌሊቱን አስጹሚው ካሉኝ ስልኩን እዘጋለሁ። ማስመለስ ለማይችልና አንጀቱ መቆም ለሌለበት እንስሳ ጾም የሚያዝ ሰው ጥንቸል ብዙ አላየም ማለት ነው።

ጥርስ ሆኖ ከተገኘ አንዴ ተሞርዶ የሚያበቃ አይመስለኝም፣ ከአሁኑ ብታውቂው ይሻላል። ይሞረዳል፣ ያድጋል፣ እንደገና ይሞረዳል። አንዳንዱ በየወሩ፣ አንዳንዱ በየጥቂት ወራቱ። የባሻን ቀጠሮ ከመታመሙ በፊት ነው የማስይዘው፣ መብላት እስኪያቆም አልጠብቅም። ቤት ውስጥ በጥፍር መቁረጫ ልቁረጥለት የሚል ካለ ደግሞ እባክሽ እንዳትሰሚ፣ ጥርሱ እስከ ሥሩ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የሕመም ማስታገሻውን ጉዳይ አትፍሪ። ብዙ ሰው ሜሎክሲካም ሲታዘዝለት «ኩላሊቱን ይጎዳዋል» ብሎ በራሱ ጊዜ ያቋርጠዋል። የታመመ አፍ ይዞ መብላት አይቻልም። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው መጠን ለውሻ ነው፣ የጥንቸል ሌላ ስለሆነ ሐኪሙ የጻፈልሽን ብቻ ስጪ፣ ለረጅም ጊዜ ከሆነም በየተወሰነ ወሩ የኩላሊት የደም ምርመራ አሠሪለት።

አሁን የእኛን ቤት ስለማውቅ ልናገር። መሳቢያ ውስጥ ከባለፈው ጉንፋን የተረፈ አሞክሳሲሊን አለ አይደል? እንዳትነኪው! በአፍ የሚሰጥ አሞክሳሲሊን፣ ፔኒሲሊንና ክሊንዳማይሲን የጥንቸልን አንጀት ጥሩ ባክቴሪያ ያጠፉና ይገድሉታል። ነጭ ሽንኩርትም ይቅር፣ የሽንኩርት ዘር ሁሉ ደሙን ይጎዳዋል። የቁንጫ ጠብታም ከሆነ ፊፕሮኒል ያለበት ለጥንቸል መርዝ ነው፣ ለድመት ይሆናል ተብሎ ለእሱ አይሆንም።

ቤት ውስጥ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ የወጥ ቤት ሚዛን ነው። ሚዛኑ ላይ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ ፎጣ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ቅጠል በሶብላ፤ ጠዋት ጠዋት ራሱ ይወጣበታል። ሁለት ኪሎ የሚመዝን ጥንቸል መቶ ግራም ቢቀንስ በዓይንሽ አታዪውም፣ ግን 60 ኪሎ የሆነ ሰው ሦስት ኪሎ እንደ መቀነሱ ነው። ደብተር ላይ ጻፊው። ሐኪሙ ጋ ስትሄጂ «ትንሽ ከስቷል መሰለኝ» ከማለት ቁጥሩን ታሳዪዋለሽ።

ድርቆሽ ሁልጊዜ ፊቱ ይኑር። ጠንካራውን እምቢ ካለ ቲሞቲ የሚባለው የሣር ድርቆሽ ሁለተኛ አጨዳው ለስለስ ይላል። አልፋልፋ ለጎልማሳ አይሆንም፣ ካልሲየሙ ብዙ ነው፣ ጥንቸል ደግሞ ትርፉን ካልሲየም የሚያስወጣው በሽንት ስለሆነ ፊኛው ውስጥ ነጭ ጭቃ ይጠራቀማል። በላዩ ላይ ይህ ከመጣብሽ ሌላ ጣጣ ነው። ካሮት ለመሸለም ያህል ብቻ።

መብላት ሲያቆም በሲሪንጅ የሚሰጠውን ክሪቲካል ኬር የሚባለውን ዱቄት ቤትሽ አስቀምጪ። በለብታ ውሃ በጥብጪው፣ በፎጣ ጠቅልለሽ በእግሩ እንደተቀመጠ ያዢው፣ ከፊት ጥርሶቹ ኋላ በጎን በኩል ትንሽ ትንሽ፣ አንድ ሚሊ ገደማ፣ እስኪውጥ እየጠበቅሽ። ዱሮ ሕፃን ቅቤ እንደሚጋተው በጀርባው አስተኝተሽ እንዳትግቺው፣ ወደ ሳንባው ይገባል። ግን ከዚህ በፊት ሁለት ነገር እዪ። ሆዱ ድንገት ተነፍቶ ከበሮ ከሆነ ምንም አትስጪው፣ አንጀቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ሁለተኛ ጆሮው ቀዝቅዞ ከሆነ የሰውነቱን ሙቀት ለኪው። ጤነኛ ጥንቸል ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፣ ከ38 በታች ከወረደ በፎጣ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ አጠገቡ አድርገሽ እያሞቅሽ ሂጂ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ያልበላን ጥንቸል ጠዋት እንይ አልልም። ጭንቀትም ሆዱን ያቆመዋል፣ ጁላይ 4፣ በአሜሪካ የነጻነት ቀን፣ ርችቱ ሲጀምር ባሻን መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት አስገብቼ ማራገቢያ እከፍትለታለሁ።

ስለ ባለቤትሽ። የእኔም ቤተሰብ ስቋል። እናቴ በቪዲዮ ስትደውል ሲሪንጁን ይዤ አየችኝና «ምነው ልጄ፣ ሰው ጠፍቶ ነው?» አለችኝ፣ እውነቷን ነው በእሷ ዓይን፣ የማይበላ የማይታለብ እንስሳ። ባልሽ ግን ስለ ብር ነው ያነሳው፣ እሱን በብር መልሺለት። ሌሊት የሚከፈት ድንገተኛ ክፍል ሁልጊዜ ከቀን ቀጠሮ ይወደዳል። አሁን በየጥቂት ሳምንቱ የምትከፍዪው ምክንያቱን ሳታውቂ ነው። ራጁ አንዴ በመቶዎች ዶላር ያስወጣሻል፣ ከዚያ በኋላ ግን ምን እንደምትከፍዪ ታውቂያለሽ። የእንስሳት ኢንሹራንስ አሁን ብትገዢ ቀድሞ የነበረ በሽታ አይሸፍኑልሽም፣ በእሱ አትድከሚ።

ውጤቱ መጥፎ ቢሆንስ? ሥሩ መግል ቋጥሮ መንጋጋውን እየበላው ከሆነ፣ ቀዶ ሕክምናውም ከብዶሽ፣ ማስታገሻ እየወሰደ እንኳ መብላት ካልቻለ፣ ሰላማዊ ሞት መስጠት ጭካኔ አይደለም። ከባልሽ ጋር ተማክሮ መወሰን ይቻላል፣ ማንም ሊፈርድብሽ አይገባም። ግን ሳይታይ አይወሰንም። ብዙ የጥርስ ሕመምተኛ ጥንቸል በሞረዳና በማስታገሻ ደህና አድርጎ ይኖራል። ባሻ ይኸው አሁን የሶፋዬን ጨርቅ እየቀደደ ነው።

ነገ ስትደውዪ «መብላት አቆመ» ብቻ አትበዪያቸው፣ በተራ ወረፋ ያስገቡሻል። «ተመላልሶ የሚቆም ሆድ፣ ግራ ዓይን እንባ፣ በማደንዘዣ ሙሉ የአፍ ምርመራና የጭንቅላት ራጅ እፈልጋለሁ» በዪ። ራጁ ሲወጣ ኮፒውን ተቀበዪ፣ ለሌላ ሐኪም ማሳየት ብትፈልጊ ይጠቅምሻል። ጓደኛ ጥንቸል ካለው አብራችሁ ውሰዱት፣ ሲለያዩ ይጨነቃሉ፣ ሲመለስም ሽታው ተለውጦ ሊጣሉ ይችላሉ።