የበቆሎ ሕግ?

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ «እንግሊዝ ከጥንትም በነፃ ንግድ የምታምን አገር ናት» ብሎ ድርቅ አለብኝ። እኔ ደግሞ «የበቆሎ ሕግ» በሚባል ነገር የውጭ እህል ታግድ እንደነበር አንብቤያለሁ። ለመሆኑ እንግሊዝ በቆሎ ታበቅላለች እንዴ? ወንድማችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ ክርክሩን አሸንፈሃል፣ በቆሎውን ግን ተወው። የዚያ ዘመን እንግሊዞች «ኮርን» ሲሉ እህልን በሙሉ፣ በተለይ ስንዴን ማለታቸው ነው። በቆሎ ያደረገው ተርጓሚው ነው።

ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1815፣ የናፖሊዮን ጦርነት ባለቀበት ዓመት ነው። በጦርነቱ ጊዜ እህል ተወዶ ባለመሬቶቹ ጥሩ ኪራይ ይሰበስቡ ነበር፤ ሰላም ሲመጣ ዋጋው እንዳይወርድባቸው ፈሩ፣ ፓርላማው ደግሞ የእነሱው ነው። ስለዚህ የአገር ውስጡ ስንዴ በኳርተር (ሁለት ኩንታል አለፍ ይላል) 80 ሺልንግ እስኪደርስ የውጭው ገበያ አይወጣም ተባለ። በ1828 እገዳው እንደ እህሉ ዋጋ ከፍና ዝቅ በሚል ቀረጥ ተተካ፤ ተቃውሞው ግን አልበረደም።

በ1839 ማንችስተር ላይ ሕጉን ለማሰረዝ ማኅበር ተቋቋመ፣ ከፊት የቆመው የጨርቅ ባለፋብሪካው ሪቻርድ ኮብደን ነበር። ለእኔ ነገሩ የሚጥመኝ እዚህ ላይ ነው። ባለፋብሪካዎቹ ስለ ድሃው ዳቦ ሲጮኹ ብዙ ሠራተኞች በጎሪጥ ያዩዋቸው ነበር፤ ዳቦው ሲረክስ ደሞዛችንንም ሊቀንሱ ነው ብለው። (አልፈርድባቸውም።) ባለመሬቱ «ገበሬው ጠፋ» ይላል፣ ባለፋብሪካው «ድሃው ተራበ» ይላል፣ ሁለቱም ግን ኪሳቸውን አልረሱም።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል የባለመሬቶቹ ፓርቲ መሪ ነበር። በ1845 ኮብደን ፓርላማ ውስጥ ሲናገር ፒል ማስታወሻውን ጨምድዶ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው «አንተ መልስለት፣ እኔ አልችልም» አለ ይባላል። በዚያው ዓመት የአየርላንድ ድሃ የሚኖርበትን ድንች በሽታ መታው፣ ረሃብም ገባ። ፒል ሕጉን በ1846 አሰረዘ፤ የገዛ ፓርቲው አባላት አብዛኞቹ ተቃውመውት፣ በተቃዋሚው ፓርቲ ድምፅ። በቀናት ውስጥም ሥልጣኑን ለቀቀ። ለአየርላንድ ረሃብተኛ ግን እምብዛም አልጠቀመም፤ ቀረጡ የወረደው ቀስ በቀስ እስከ 1849 ነው፣ እህል ቢረክስስ በምን ገንዘቡ ይግዛ?

ጓደኛህ የሚለው ነፃ ንግድ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። እሱም ቢሆን ሰላም አላገኘም። በ1903 ፖለቲከኛው ጆሴፍ ቻምበርሌን ቀረጥ ይመለስ ብሎ ተነሳ፣ ተቃዋሚዎቹም ለሕዝቡ ትልቅና ትንሽ ዳቦ (ትልቁ የነፃ ንግድ፣ ትንሹ የቀረጥ) እያሳዩ በ1906 ምርጫ ወገኑን ድባቅ መቱት። በ1932 አጠቃላይ የገቢ ዕቃ ቀረጥ ሲመለስ የገንዘብ ሚኒስትሩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኔቪል ቻምበርሌን፣ የጆሴፍ ልጅ።