ረግረግ ላይ ባሕር ዛፍ አትትከሉ

የወሎ ልጆች፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ ተሸክማችሁ ስትወጡ ደስ ይለኛል። ግን ሁሉም መሬት ዛፍ አይፈልግም። «ይሄ ረግረግ ጠፍ መሬት ነው፤ ቦይ ቆፍረን ባሕር ዛፍ እንትከልበት» ሲሏችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ።

ነገሩ ያለው ውሃው ላይ ነው። መሬቱ ውሃ ጠግቦ ሲተኛ አየር አይገባውም። የሞተው ሥርና ቅጠል መበስበስ ያቅተውና ይከማቻል። እንዲህ በሺህ ዓመታት የተደራረበው ጥቁር አፈር ፒት ይባላል። በአብዛኛው በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። የሚሸፍነው ከዓለም የብስ 3 በመቶውን ያህል ቢሆንም፣ በዓለም ደኖች ዛፎች ሁሉ ካለው የበለጠ ካርቦን ይዟል። ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ሲወርድ አየር ይገባል፣ ረቂቅ ተሕዋስያን ይነሱበታል፣ የስንት ዘመን ክምችት ወደ ሰማይ ይበናል።

በቀዝቃዛው የዓለም ሰሜን ፒቱን የሚሠራው ስፋግነም የሚባል፣ መሬት ላይ ምንጣፍ መስሎ የሚበቅል ትንሽ ተክል (ሞስ) ነው። እኛ ጋ ቄጠማና ፊላ አለ። ወደ ጨፋ ረግረግ ስትወርዱ አንድ የቄጠማ አገዳ ስበሩና ውስጡን እዩት፤ ስፖንጅ ነው። አየር ወደ ሥሩ የሚወርደው በዚያ ነው። ሚቴን የሚባለው ምድርን የሚያሞቅ ጋዝም በዚያው ይወጣል፤ እና ረግረግ ጻድቅ ነው አልላችሁም። ሲደርቅ ሚቴኑ ይቀንሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን ይብሳል። ሁለቱን ሳታመዛዝኑ አትፍረዱ።

አየር ያጣ ጭቃ የአበባ ብናኝም ጠብቆ ያቆያል፤ ብናኙ ድሮ በአካባቢው ምን ይበቅል እንደነበር ይናገራል። ከሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቆች ሥር የወጣው ጭቃ እንደሚያሳየው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ገደማ የዝግባና የጽድ ደን ተመንጥሮ ክትክታና ሣር ተተካ። በፈረንጆች ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጽዱ ከወይራ ጋር ተመለሰ። ኋላ ምን እንደደረሰበት ዳገቱን አይቶ መገመት ነው። ችግኛችሁ ጽድና ወይራ ከሆነ ዳገቱ ላይ ውሰዱት።

ረግረጉን ማጥናት የምትፈልጉ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አያስፈልጋችሁም። የተበሳሳ የፕላስቲክ ቱቦ ትከሉና የውሃውን ከፍታ በየወሩ መዝግቡ፤ በተለይ ግንቦትንና መስከረምን እንዳትዘሉ። አጠገቡ ያለውን ተክል በዓይነት ቁጠሩ። በበጋ ከብት ይዘው የሚመጡትን የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደር አባቶች ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፦ የቱ ሣር ጠፋ? ከብቱ የማይነካው የትኛው አዲስ መጣ? እነሱ የሚሉትን ከቱቦው ቁጥር ጎን ጻፉት።