ለእግር ቶርኖ ዕቃ ለምትፈልገው ወንድሜ

«ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። መብራት የማይፈልግ፣ በእግር የሚረገጥ የእንጨት ቶርኖ (እንጨት እያዞሩ የሚቀርጹበት መሣሪያ) መሥራት አስቤያለሁ። ዕቃውን ከየት ልግዛ?» ብለህ ለጠየቅከው። እኔ ከሚጠቀሙበት አንዱ ነኝ፤ የማውቀውን ልንገርህ።

ገንዘብህን ሁለት ነገር ላይ ብቻ አውጣ፦ ሹል ብረቶቹና ከባዱ እንጨት ላይ። ሌላው ተለቃቅሞ ይሞላል።

ሹሎቹ ማለት የምትቀርጸውን እንጨት ከግራና ከቀኝ ወግተው የሚይዙት ናቸው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄደህ ወፍራም ቡሎን ከነዳዶው ፈልግ፤ 16 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ጥርሱ እንዳልተበላ ዳዶውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙረህ እይ። ከዚያ ቶርኖ ቤት ወስደህ ጫፉን አሹልልኝ በል። በእጅ የተሾለ ክብ አይሆንም፣ ቀዳዳውን እየፋቀ ያሰፋዋል፣ እንጨቱም ይላወሳል። አንዱ ሹል ባለበት ይጸናል፤ ሌላው ላይ እጀታ አስበይድበትና ዳዶውን ሹሉን በሚሸከመው ቋሚ እንጨት ውስጥ ቅበረው፣ እያዞርክ ታጠብቀዋለህ። ስትሠራ ጫፎቹን ግሪስ ቀባ።

ለአልጋው፣ ማለትም ቋሚዎቹ ለሚቆሙበት አግዳሚ፣ እና ለቋሚዎቹ አዲስ ሞራሌ አትግዛ። ቀጭን ነው፣ በረገጥክ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። አሮጌ ቤት ሲፈርስ የሚወጣ የጥድ ወይም የዝግባ ወራጅ ካገኘህ እሱን የሚያህል የለም፤ ደርቆ ያለቀ ስለሆነ አይጣመምም፣ ብቻ ከመጋዝህ በፊት የቀረ ምስማር ካለ በደንብ ፈትሽ። የአልጋውን ሁለት ረዣዥም እንጨቶች ጎን ለጎን አድርግና መሃላቸው ክፍተት ተው። የቋሚዎቹ እግር በዚያ ክፍተት ይወርድና ከሥር በሽብልቅ ይወጠራል። ሹሎቹ ክርንህ ከፍታ ላይ ይሁኑ፣ አለዚያ ወገብህን ትጎዳለህ።

አጠና ተራ ሄደህ ረጅም የባህር ዛፍ አጠና ግዛ የሚሉህ ይኖራሉ። ግቢ ላለው ሰው ትክክል ነው፤ ስትረግጥ እንጨቱን የሚያዞረውን ገመድ፣ አጠናው ጎብጦ ሲቃና መልሶ ይስበዋል። ላንተ በረንዳ ግን አይሆንም። ሁለት ረጃጅም እንጨት አቁምና በመካከላቸው የመኪና ከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቆርጠህ ወጥር፣ ሥራው ያው ነው። ገመዱን ከከመነዳሪው አምጥተህ እንጨቱ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥመው፣ ከዚያ ባንተ በኩል ወርዶ መርገጫው ላይ ይታሰር። ስትረግጥ እንጨቱ ወዳንተ ይዞራል፣ የምትቆርጠውም ያኔ ብቻ ነው። ሲመለስ መሮህን ትንሽ ራቅ አድርግ።

መሮውን ከመኪና ባሌስትራ አስቀጥቅጥ። ሶማሌ ተራ ቁራጩ አይጠፋም። ከአሮጌ ሞረድ የሚሠሩም አሉ፣ ግን ሞረድ ደረቅ ነው፣ ቀጥቃጩ እሳቱን ካላወቀበት ተሰብሮ ፊትህ ላይ ይመጣል። እኔ አልመክርም።

የምትቀርጸው እንጨትስ? እርጥብ ይሁን። ብዙ ሰው ደረቅ ወይራ ይዞ ይጀምርና እግሩ ዝሎ ይተወዋል። ሰፈር ውስጥ ግራቪሊያ ወይም ጃካራንዳ ሲገረዝ ካየህ ሳይፈለጥ ድረስበት። ግንዱን ሰንጥቀህ ከጎኑ ያለውን ተጠቀም፣ መሃሉ ካለበት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እንዝርትና የመዶሻ እጀታ ጥሩ መጀመሪያ ናቸው።

አንድ የቀረ ነገር፦ ከሥርህ ሰው ይኖራል። መርገጫው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ወፍራም የጎማ ቁራጭ አንጥፍ፣ ማታም አትሥራበት።