ለድሮ ኦሲሎስኮፕ የሚስማማ ፕሮብ

ወንድሜ፣ መልእክትህን አነበብኩት። የኤሌክትሪክ ሲግናልን ቅርጽ በስክሪን የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፕ፣ ያገለገለ ቴክትሮኒክስ 465 ገዝተሃል። አብሮት የመጣው ባለ 10ኤክስ ፕሮብ፣ ማለትም ሲግናሉን ለአስር አካፍሎ ወደ ስኮፑ የሚያደርሰው መለኪያ፣ ኬብሉ ተቆርጦ በአንቴና ኬብል ተቀጥሏል። የስኩዌር ዌቩ (የባለ አራት ማዕዘኑ ሞገድ) ጠርዝ ክብ ይሆንብሃል፣ የፕሮቧን ማስተካከያ ብታዞረውም አይቀናም። የስኮፑ ስፒና ደግሞ የግራውንድ (የመሬት) እግሩ የለም።

ከሁሉ በፊት ስፒናውን ቀይር። ያለ ግራውንድ እንዳትሰካው!

ስኮፑን አትክፈተው፣ እኔ የምጠረጥረው ያንን ቅጥል ኬብል ነው። ፕሮቧን ስኮፑ ፊት ላይ ካለው ካሊብሬተር፣ ማለትም የመፈተሻ ስኩዌር ዌቭ ከሚወጣበት ቦታ ጋር አገናኝ። እዚያ 300 ሚሊቮልት፣ 1 ኪሎኸርዝ ገደማ ይወጣል። ለአስር ሲካፈል 30 ሚሊቮልት ነው፣ የመግቢያው ቁልፍ 5 ሚሊቮልት ላይ ሲሆን ከስክሪኑ ካሬዎች ወደ ላይ ስድስቱን መሙላት አለበት። ጠርዙ በሁለቱም ቻናል (መግቢያ) እኩል ክብ ከሆነ ስኮፑ ደህና ነው።

ይህን ነገር ረዘም አድርጌ ልንገርህ፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው ገንዘቡን ያባክናል። ፕሮቧ ጫፍ ላይ 9 ሜጋኦም ሬዚስታንስ አለ፣ ስኮፑ ውስጥ 1 ሜጋኦም። ለዲሲ፣ ለማይለዋወጥ ቮልቴጅ፣ ለአስር ለማካፈል ይኸው ይበቃል። ፈጣን ሲግናል ግን የሚካፈለው በካፓሲተር ነው፤ የኬብሉና የስኮፑ መግቢያ ካፓሲታንስ ሲደመር፣ ጫፉ ላይ ካለው ካፓሲተር 9 እጥፍ መሆን አለበት። ጫፉ ላይ 11 ፒኮፋራድ (የካፓሲታንስ መለኪያ) ቢኖር ከታች ወደ 100 ይፈለጋል። ከዚህ ውስጥ 20 ያህሉ የስኮፕህ ነው። የፕሮብ ኬብል በሜትር 30 ገደማ ሲይዝ፣ የአንቴና ኬብል ከ50 እስከ 67 ይይዛል። ስለዚህ ከታች ያለው ይበዛል፣ ፈጣኑ ክፍል ይደክማል፣ ጠርዙ ክብ ይሆናል። ማስተካከያዋ የምትይዘው ጥቂት ፒኮፋራድ ስለሆነ ይህን አትሸፍነውም። በዚያ ላይ የፕሮብ ኬብል የመሃል ሽቦው እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ሆን ተብሎ ሬዚስታንስ ያለው ነው፤ ሲግናሉ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ እንዳይርገበገብ። እዚያ ላይ ወፍራም መዳብ በስታኞ የለጠፈው ሰው ፕሮቧን ጨርሷታል። አትድከምባት።

ስትገዛ ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን እይ። ማስተካከያው 20 ፒኮፋራድን የሚያካትት፣ 10ኤክስ ላይ 100 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ የሆነ ይሁን። የዘመኑ ፒ6105 ደህና ሆኖ ከተገኘ አትለፈው። ለአዳዲስ ስኮፖች የተሠሩ ውድ ፕሮቦች ብዙዎቹ ለአነስተኛ ፒኮፋራድ ስለሆኑ አይገጥሙህም። ርካሾቹ ደግሞ ያናድዳሉ፤ መንጠቆው ይንሸራተታል፣ የክሊፑ ሽቦ ከሥሩ ይበጠሳል፣ የማስተካከያው መጠን አንዳንዴ የትም አልተጻፈም። ካልተጻፈ ተወው።

አዲሱ ፕሮብ ቢኤንሲው (ስኮፑ ላይ የሚሰካው ጫፍ) ላይ የፕሮቡን ዓይነት ለስኮፑ የምታሳውቀዋ ትንሽ ፒን ከሌለችው፣ ስኮፑ 10ኤክስ መሆኑን አያውቅም፣ የመግቢያው ቁልፍ መብራት 1ኤክስ ላይ ይቀራል። ንባቡን ራስህ በአስር አባዛው። ማስተካከያዋንም በፕላስቲክ ካቻቢቴ አዙር፣ ብረት ልኩን ያዛባዋል።

የግራውንዱን ነገር አሁንም እደግመዋለሁ። የፕሮቧ ክሊፕ ከስኮፑ አካልና ከግራውንድ ጋር አንድ ነው። ፓወር ሰፕላይ ስትሠራ 220 ቮልቱ ወደ ዲሲ ተቀይሮ 310 ገደማ በሚሆንበት ወገን ክሊፑን ካሰርክ በግራውንዱ በኩል ሾርት ሆኖ ይፈነዳል። ሰዎች ስፒናውን የሚቆርጡት ይህን ለመሸሽ ነው፤ ያኔ ግን የምትነካው የስኮፑ ብረት ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል። አይሶሌሽን ትራንስፎርመር፣ ማለትም ዕቃውን ከመስመሩ ጋር በቀጥታ ሳያገናኝ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ትራንስፎርመር ተጠቀም፣ የሚሰካበትም የሚጠገነው ዕቃ ነው እንጂ ስኮፑ አይደለም።