አንድ ማትሪክስ ስንት ኢንቫሪያንት ሰብስፔስ አለው? ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተማሪዎች ጋር ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የኢንቫሪያንት ሰብስፔስን ትርጉም አውቀዋለሁ፤ በዜሮ የሚያልፍ መስመር ወይም ጠለል የመሰለ፣ ቬክተሮቹ በማትሪክሱ ሲባዙ ከውስጡ የማይወጡ ሰብስፔስ ነው፤ ማትሪክስ ሲሰጠኝ ግን ሁሉንም ኢንቫሪያንት ሰብስፔሶች ለቅሜ መጨረስ ያቅተኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ረድፎቹ (2፣ 1፣ 0)፣ (0፣ 2፣ 0)፣ (0፣ 0፣ 5) የሆኑትን ማትሪክስ ሀ እንበለው። ቤዚስ ቬክተሮቹን፣ ቬ1 = (1፣ 0፣ 0)፣ ቬ2 = (0፣ 1፣ 0)፣ ቬ3 = (0፣ 0፣ 1)፣ አንድ በአንድ በሀ አባዛቸው፦ ሀቬ1 = 2ቬ1፣ ሀቬ2 = ቬ1 + 2ቬ2፣ ሀቬ3 = 5ቬ3። የቬ1 እና የቬ3 መስመሮች ከራሳቸው አልወጡም። የቬ2 መስመር ግን ወጣ፤ ቬ1 ገባበት። ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ዲያጎናሉ ላይ 2 ስላየ ብቻ ቬ2ንም አይገን ቬክተር (በማትሪክሱ ሲባዛ የራሱ ብዜት ብቻ የሚሆን ቬክተር፤ የሚባዛበት ቁጥር አይገን ቫልዩ ይባላል) ያደርገዋል። ዝርዝሩ እንግዲህ፦ ዜሮ፣ የቬ1 መስመር፣ የቬ3 መስመር፣ የቬ1ና የቬ2 ጠለል፣ የቬ1ና የቬ3 ጠለል፣ ሙሉው ስፔስ። 6 ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰባተኛ እንደሌለ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ሚኒማል ፖሊኖሚያሉን (ሀ ሲገባበት ዜሮ የሚሰጠውን፣ መሪ ኮኤፊሸንቱ 1 የሆነውን ዝቅተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል) ከካራክተሪስቲክ ፖሊኖሚያሉ (ሥሮቹ አይገን ቫልዩዎቹ ከሆኑት የዲተርሚናንት ፖሊኖሚያል) ጋር አስተያየው። እዚህ ሁለቱም (ቀ − 2)²(ቀ − 5) ናቸው። እኩል ከሆኑ በየፋክተሩ አርቢ ላይ 1 ደምረህ ታባዛለህ፦ 3 × 2 = 6። ሪል ቁጥሮች ላይ እየሠራህ ሁለቱ ከተለያዩ ግን ቁጥራቸው ማለቂያ የለውም። በሀ የመጀመሪያ ረድፍ ያለችውን 1 በ0 ተካትና እየው፤ በቬ1ና በቬ2 ጠለል ውስጥ በዜሮ የሚያልፍ መስመር ሁሉ ኢንቫሪያንት ይሆናል።

ጥያቄ፦ የኢንቫሪያንት ሰብስፔሶቹን ስብስብ ላቲስ ያሰኘውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ የሁለት ኢንቫሪያንት ሰብስፔሶች ኢንተርሴክሽንም ድምርም ኢንቫሪያንት ስለሆነ ነው። ዩኒየኑን አትውሰጂ፤ ብዙ ጊዜ ሰብስፔስ እንኳ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከዜሮና ከሙሉው ስፔስ በቀር ምንም የሌለው አለ?

መልስ፦ አለ። ጣና ላይ ታንኳ ባለበት 90 ዲግሪ ሲዞር አስቡት፤ ርዝመቱ የነበረበት መስመር ላይ አሁን ወርዱ ተጋድሟል፤ አቅጣጫውን የጠበቀ መስመር አንድም የለም። 180 ቢዞር ደግሞ እያንዳንዱ መስመር ተመልሶ በራሱ ላይ ይተኛል። ያንኑ የ90 ዲግሪ ማትሪክስ በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ብትሠሩት አይገን ቫልዩዎቹ ሁለት ስለሚሆኑ ላቲሱ 4 አባላት ይኖሩታል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያውን ማትሪክስ በኮምፒውተር ስሠራው 8 አገኘሁ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ያጠፋሽው የለም፤ ችግሩ ከማጠጋጋቱ ነው። ሁለተኛው ረድፍ መጀመሪያ ላይ ያለው 0 ወደ 0.0000000001 ቢንሸራተት፣ ድርብ የነበረው አይገን ቫልዩ 2 ወደ 2.00001 እና 1.99999 ይሰነጠቃል። ሦስት የተለያዩ አይገን ቫልዩዎች ማለት ደግሞ 2 × 2 × 2 = 8 ነው። ስለዚህ በዴሲማል አትቁጠሪ፤ በክፍልፋይ ሠርተሽ የ(ሀ − 2መ)ን ራንክ (እርስ በርስ የማይተካኩ ረድፎቹን ብዛት) ፈልጊ፣ መ አይደንቲቲው ማትሪክስ ነው። ራንኩ 2 ከወጣ ለ2 ያለው የአይገን መስመር አንድ ብቻ ነው፤ መልሱም 6 ነው።