የኖርዌይ ዕረፍት፦ ከቪዛው እስከ ሰሜኑ ብርሃን (ጥያቄና መልስ)

ወደ ኖርዌይ ለሽርሽር ለመሄድ የሚያስቡ ሰዎች ያቀረቧቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ። ቀንና ወሩ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። «የበረዶ ወራት» ሲባል ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለው ጊዜ ነው፤ የእነሱ ክረምት ከእኛ ክረምት ጋር ስለማይገጥም ብዙ ሰው ቲኬት ሲቆርጥ ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር አሥር ቀን አለን። ኦስሎን፣ በርገንን፣ ሎፎተንን፣ ትሮምሶንና ኖርድካፕን ብናይ ብለን ነበር። ይበቃናል?

መልስ፦ አብሮ ይስጥልኝ። አይበቃችሁም፤ ገና ከአሁኑ ቀንሱ። አገሩ ጠባብ ቢሆንም እጅግ ረጅም ነው። ከዋና ከተማው ከኦስሎ በሰሜን እስካለችው ትሮምሶ በመኪና ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባቡርም ትሮምሶ አይደርስም፤ ከትሮንሄም ወደ ሰሜን የሚሄደው መስመር ቡደ ከተማ ላይ ያበቃል። የምትሄዱት በጁን ወይም በጁላይ ከሆነ ኦስሎ 2 ሌሊት፣ ፍሎም 1፣ በርገን 2፣ ከዚያ በአውሮፕላን ሎፎተን 4 ሌሊት እደሩ። በበረዶ ወራት ከሆነ ግን ኦስሎ 2 ሌሊት አድራችሁ የቀረውን ሁሉ ለትሮምሶ ስጡት። የሰሜኑን ጫፍ ኖርድካፕን ለሌላ ጊዜ ተዉት። በበረዶ ወራት የመጨረሻው የመንገድ ክፍል ላይ መኪኖች በረዶ ጠራጊ ተከትለው በሰልፍ ነው የሚያልፉት፤ ነፋሱ ከበረታም መንገዱ ይዘጋል። በሰዓት የተጣበበ ጉዞ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ አዲስ አበባ ነው። ለቪዛው መቼ ልጀምር? ሰው የሚከለከለውስ በምን ምክንያት ነው?

መልስ፦ ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ) ውስጥ ናት። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 የኢትዮጵያ ፓስፖርት በያዙ አመልካቾች ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ረዝሟል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቆሟል። ስለዚህ ቢያንስ 3 ወር ቀድመው ይጀምሩ።

ፓስፖርቱ ከሸንገን ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ባለፉት 10 ዓመታት የተሰጠና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በመላው ሸንገን የሚሠራ መሆን አለበት። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ሌሊት ለሚያድሩበት አገር ነው፤ ስዊድን 5 ሌሊት፣ ኖርዌይ 3 ሌሊት ከሆነ ለስዊድን ያመልክቱ።

ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጥረው የባንኩ ስቴትመንት ነው። ማመልከቻው ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ድንገት ትልቅ ገንዘብ የገባበት ሒሳብ ያስጠረጥራል። ገንዘቡ መሬት ወይም መኪና ተሽጦ የተገኘ ከሆነ የሽያጩን ውል ያያይዙ። ሁለተኛው ችግር ወረቀቶቹ እርስ በርስ አለመስማማታቸው ነው፦ የሆቴሉ ቡኪንግ ትሮምሶ ሲል የበረራው ቲኬት በርገን ይላል፤ ኢንሹራንሱ ከመመለሻው ቀን በፊት ያበቃል። ሦስተኛው የመመለሻ ምክንያት ነው። የሥራ ደብዳቤው ደመወዝንና የሥራ መደብን ብቻ ሳይሆን የዓመት ፈቃዱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ሥራ የሚገቡበትንም ቀን ይግለጽ። ከተከለከሉ ውሳኔው ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በ3 ሳምንት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ እኔ ዲሲ ነው የምኖረው፤ ግሪን ካርድ አለኝ።

መልስ፦ የሚታየው ፓስፖርትዎ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ ግሪን ካርድ ቢኖርም ቪዛ ያስፈልጋል፤ የሚያመለክቱት ግን እዚያው አሜሪካ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሰው በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይቆያል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ስቫልባርድ ቪዛ አይጠይቅም ሲባል ሰማሁ። ከትሮምሶ ደርሼ ልመለስ?

መልስ፦ እባክዎ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ስቫልባርድ (በሩቅ ሰሜን ያሉት የኖርዌይ ደሴቶች) ራሱ ቪዛ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ከሸንገን ውጭ ነው። ወደዚያ ሲበሩ ከሸንገን እንደወጡ ይቆጠራል። ቪዛዎ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ በዚያው ያልቃል፤ መመለሻው ደግሞ በዋናው ኖርዌይ በኩል ነው። ሁለት ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ በእጅዎ ከሌለ አይሂዱ። ወደ ፊንላንድ ድንበር መሻገር ግን ምንም ችግር የለውም፤ ሁለቱም ሸንገን ናቸው። ፓስፖርት ብቻ ይያዙ።

ጥያቄ፦ የሰሜኑን ብርሃን (ኦሮራን) ለማየት የቱ ወር ይሻላል? አንድ ሌሊት ብንመድብስ?

መልስ፦ ይህ በሌሊት ሰማይ ላይ የሚንቀለቀል ባለ ቀለም ብርሃን ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ማርች መጨረሻ ይታያል። ከሜይ 20 እስከ ጁላይ 22 አካባቢ ትሮምሶ ላይ ፀሐይ ጭራሽ አትጠልቅም፤ ያኔ ኦሮራ የሚባል ነገር የለም። ከኖቬምበር 27 እስከ ጃንዋሪ 15 ድረስ ደግሞ ፀሐይ አትወጣም። ቢሆንም ቀኑ ድቅድቅ ጨለማ አይደለም፤ እኩለ ቀን አካባቢ ለጥቂት ሰዓት ሰማዩ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ይዞ ይቆያል። ሁለቱንም ለሚፈልግ፣ ሌሊት ኦሮራ፣ ቀን ፀሐይና በረዶ፣ የእኔ ምርጫ ፌብሩዋሪ መጨረሻና ማርች ነው።

አንድ ሌሊት አይበቃም። ቢያንስ 4 ሌሊት ይመድቡ፤ ዋናው ጠላት ደመና ነውና። ሰዎች በስልካቸው የኬፒ ቁጥር (የኦሮራውን ኃይል ከ0 እስከ 9 የሚገምት መለኪያ) ሲከታተሉ ያመሻሉ፤ ትሮምሶ ኦሮራው የሚዘወተርበት ቀበቶ ሥር ስላለች ቁጥሩ 2 ሆኖም በደንብ ይታያል። መታየት ያለበት የደመናው ትንበያ ነው። የኖርዌይ ሜትሮሎጂ ተቋም ከብሔራዊው ብሮድካስት ጋር የሚያወጣው «ዩር» የተባለው መተግበሪያ ደመናውን በየሰዓቱ ያሳያል። ጥሩ አስጎብኚ በሚኒባስ ሰማዩ ወደ ጠራበት ይነዳል፤ አንዳንዴ እስከ ፊንላንድ ድንበር ይደርሳል። የሚኒባሱን ጉዞ ለመጀመሪያው ሌሊት ይያዙ፤ ያን ቀን ባይሳካ ሌላ ሌሊት ይኖርዎታል።

ጥያቄ፦ ልብሱስ? ወፍራም ጃኬትና ጋቢ ይበቃል?

መልስ፦ ጋቢ ለደረቅ ብርድ የሚተካው የለም፤ ለዚያ ግን አይሆንም። ጥጥ ላብም የቀለጠ በረዶም ይመጥጣል፣ ይይዛል፣ ከዚያ ሰውነት ላይ ይቀዘቅዛል። ከሥር የሚለበሰው ቀጭን የሱፍ ልብስ ይሁን፤ ካልሲም ቢሆን የጥጥ አይሁን። በላዩ ወፈር ያለ ሱፍ ወይም ፍሊስ፣ ከላይ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። ጫማ በአንድ ቁጥር ከፍ ያለ ይግዙ። ወፍራም ካልሲ ጠባብ ጫማ ውስጥ ከተጨናነቀ ደሙ አይዘዋወርም፤ እግር የሚቀዘቅዘውም በዚህ ነው። ጓንቱ አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዘው ዓይነት ይሁን፤ ጣቶቹ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ።

ትሮምሶ በጃንዋሪ አማካይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሞቃቱ የባሕር ሞገድ ያግዛታል። ወደ መሀል አገር፣ ወደ ካራሾክ ሲገቡ ግን ከዜሮ በታች 30 መድረስ እንግዳ ነገር አይደለም። ከተማው ውስጥ ደግሞ ብርዱን ያህል የሚያስቸግረው መንሸራተት ነው። «ብሮደር» የሚባል፣ ጫማ ሥር የሚጠለቅ ጥርስ ያለው ጎማ እዚያው ሱቅ ይገኛል። በደረሱበት ቀን ይግዙት፤ እጅ የሚሰበረው በመጀመሪያው ቀን ነው።

ጥያቄ፦ የእኛ ዕረፍት በነቢያት ጾም ላይ ይውላል። ምን እንበላለን?

መልስ፦ ምግብ ማብሰያ ያለው ማደሪያ ያዙ፤ ለጾሙም ለኪሱም ይበጃል። ሽሮና በርበሬ ይዛችሁ ሂዱ። ቅቤና ቋንጣ ግን አይገባም፤ ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውጭ የመጣ ሥጋና የወተት ውጤት የተከለከለ ነው። ጫትም እዚያ አገር በአደንዛዥ ዕፅነት ስለሚቆጠር ለማንም ብላችሁ እንዳትይዙ። ሱቅ ውስጥ «ቬጋንስክ» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ማሸጊያው ላይ ወተት «ሜልክ»፣ ቅቤ «ስሜር»፣ እንቁላል «ኤግ» ተብሎ ይጻፋል። ምስርና ሽምብራ በርካሽ የምታገኙት ኦስሎ ግሮንላንድ ሰፈር ካሉት የስደተኛ ሱቆች ነው፤ ወደ ሰሜን ከመብረራችሁ በፊት እዚያ ሸምቱ። ሱፐርማርኬቶች እሑድ በአብዛኛው ዝግ ናቸው። ዴሴምበር 24 ከቀትር በኋላ፣ 25 እና 26 ከተማው ሁሉ ስለሚዘጋ የሦስት ቀን ስንቅ አስቀድማችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ የኦስሎና የበርገን ባቡር እንደሚወራለት ነው?

መልስ፦ ነው። 7 ሰዓት ያህል ይፈጃል። መስመሩ ፊንሰ ላይ 1,222 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። ለአዲስ አበባ ሰው ከፍታው ምንም አይደለም፤ ግን እዚያ ጁን ላይም በረዶ አለ። ሚርዳል ላይ ወርዳችሁ ወደ ፍሎም የሚወርደውን ባቡር ያዙ፤ በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ866 ሜትር ወደ ባሕር ጠርዝ ይወርዳል። ከፍሎም በጀልባ ናሮይፊዮርድን (ፊዮርድ በተራሮች መካከል የገባ ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ነው) አቋርጣችሁ ጉድቫንገን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ቮስ፣ ከቮስ በባቡር በርገን። ርካሹ ቲኬት ቀድሞ ለገዛ ነው። ሰዓቱን ልብ በሉ፦ 08፡25 የሚለው በእኛ ከጠዋቱ 2፡25፣ 18፡05 የሚለው ከምሽቱ 12፡05 ነው።

ጥያቄ፦ ከጋርደርሙን አየር ማረፊያ ኦስሎ በምን እንግባ?

መልስ፦ ሁለት ባቡር አለ። ፈጣኑ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ የተለመደው፣ «ቪ» የተባለው ድርጅት ባቡር 23 ደቂቃ። የቪው ዋጋ ግማሽ ያህል ነው።

ጥያቄ፦ ትሮልቱንጋ ላይ ፎቶ መነሣት እፈልጋለሁ። ተራራ ወጥቼ አላውቅም።

መልስ፦ ትሮልቱንጋ ከተራራ ወደ ውጭ የወጣ አለት ነው፤ ከታችኛው መነሻ ደርሶ መልሱ 27 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል። ለጀማሪ ፕራይከስቱለን የተባለውን ገደል እመክራለሁ፦ ደርሶ መልስ 8 ኪሎ ሜትር፣ 4 ሰዓት ያህል፤ ከሊሰፊዮርድ 604 ሜትር በላይ ነው የሚቆሙት። ለሁለቱም ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ያለውን ጊዜ ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ኦሮራውን በስልክ ማንሣት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ስልኩን የሌሊት ፎቶ ማንሻው (ናይት ሞድ) ላይ አድርገው ከ3 እስከ 10 ሴኮንድ ይስጡት። በእጅ ከተያዘ ግን ይደበዝዛል፤ ትንሽ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ይያዙ። ጣትዎ ስልኩን ሲነካ እንዳያነቃንቀው በሰዓት ቆጣሪው ያስነሡት። ፍላሹን ያጥፉ፤ ለእርስዎ የማይጠቅም ሆኖ አጠገብዎ ያለውን ሰው ፎቶ ያበላሻል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚወድቅ ስልኩ በደረት ኪስ፣ ከሰውነት አጠገብ ይቆይ። ወደ ሞቀ ቤት ሲገቡ ካሜራውን በተዘጋ ላስቲክ ውስጥ አድርገው እስኪሞቅ ይተዉት፤ ወዲያው ካወጡት ጤዛው ሌንሱ ውስጥ ይገባል።