በየቀኑ እያጠጣሁት ቅጠሉ ለምን ይደርቃል?

ጥያቄ፦ በጓሮዬ ከተከልኩት 2 ዓመት የሆነው ዛፍ፣ በበጋው ሙቀት ቅጠሉ ከዳር እየደረቀ ነው። በየምሽቱ ግንዱ ሥር ጥቂት ውኃ አፈስለታለሁ፤ ማዳበሪያም ልጨምርለት አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ማዳበሪያውን ለጊዜው ይተዉት፤ ውኃ ባጠረው አፈር ላይ ሲጨመር ጨውነቱ ሥሩን ሊያቃጥል ይችላል። እንደሚመስለኝ ችግሩ ያለው አጠጣጡ ላይ ነው። በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚፈስ ውኃ የላይኛውን አፈር ብቻ አርሶ በማግስቱ ስለሚተን፣ ሥሩ ወደ ታች ከመዝለቅ ይልቅ ወደ ላይ ተጠግቶ ይቀራል። ውኃ የሚመጥጡት ቀጫጭን ሥሮች በብዛት የሚገኙትም ግንዱ አጠገብ ሳይሆን ከቅርንጫፎቹ ጫፍ በታችና ከዚያም አልፎ ነው። ስለዚህ በዚያ ዙሪያ፣ በማለዳ፣ ቀስ እያለ እንዲሰርግ አድርገው አፈሩ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር እስኪርስ ያጠጡ፤ ከዚያም የላይኛው አፈር ጠፈፍ እስኪል ይታገሡ።

ውኃው እዚያ ጥልቀት መድረሱን ለማወቅ ቀጭን ብረት ወደ መሬት ይውጉ፤ በርጥብ አፈር ውስጥ በቀላሉ ይገባል፣ ደረቁ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። ብረቱ ያለ ችግር ገብቶ ጭቃ ይዞ ከወጣና ቅጠሉ አሁንም ከጠወለገ፣ ሥሩ አየር አጥቶ እየታፈነ ሊሆን ስለሚችል ውኃውን ያቁሙ።

መሬቱን ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ መሸፈን ርጥበቱን ያቆያል። ብዙዎች ሽፋኑን ግንዱ ላይ ይከምሩታል፤ ይህ ልጡን ስለሚያበሰብስ በዙሪያው አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ይተዉ። የደረቁትን ቅርንጫፎች መቁረጥ ይቻላል፤ ለምለሙን ግን ሙቀቱ እስኪበርድ አይንኩት፣ ጥላው ለግንዱም ያስፈልገዋልና።